የሞተር ብስክሌት አሮጌ ብሎኖችን በማይዝግ ብረት ስለ መለወጥ

በየወረዳው ለንጹሕ ውኃ፣ ለችግኝና ለጤና ትምህርት ሥራ የተመደቡት ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። በተለይ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የሚባሉት ለብዙ ዓመታት አገልግለው ሞተራቸው ገና ብርቱ ነው። የደከመው ብሎናቸው ነው። ራሱን ዝገት በልቶት መፍቻ የማይዝ ብሎን፣ በመሮና በመዶሻ ካልሆነ የማይፈታ ቪቴ፣ የአንድ ሰዓቱን ጥገና የአንድ ቀን ሥራ ያደርገዋል። ስለዚህም «ብሎኖቹን በሙሉ በማይዝግ ብረት ብናስለውጣቸውስ?» የሚል ጥያቄ ከአጥቢያዎች ይቀርብልናል። አሳቡ መልካም ነው። «በሙሉ» የሚለው ቃል ግን የአሽከርካሪውን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላልና ጥቂት እንድናዘገይበት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ አሮጌው ብሎን ስለ ምን እንደሚዝግ እንይ። ከፋብሪካ ሲወጣ ብረቱ በስስ የዚንክ ልባስ ተሸፍኖ ነው። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ በመበላት ብረቱን ይጠብቃል፤ እርሱ ሲያልቅ ዝገት ይጀምራል። የክረምቱ ጭቃና በወንዝ ዳር የሚደረገው አጠባ ልባሱን ቀስ በቀስ ይጨርሱታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በዕቃ መጫኛው ላይ የሚፈሰው ጨው፣ ማዳበሪያና ለውኃ ማከሚያ የምንልከው የክሎሪን ዱቄት ነው። ክሎሪን የማይዝገውንም ብረት እየቦረቦረ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ብሎኑ ተለወጠም አልተለወጠም፣ በክዳን በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ብቻ ይጫን።

ገበያው ስቴይንለስ የሚለው የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም ራሱን መልሶ ይደፍናል። በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የተባለ ባለሙያ ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ብረት ሲፈልግ የደረሰበት ነው። አለመዛጉ ግን ጽኑ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ላይ ነው።

የብሎን ጽናት በራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በተለመደው ብረት ብሎን ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር እናያለን። የፊተኛው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብሎኑ የሚበጠስበትን ኃይል ይሰጣል፤ 8 ማለት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ነው። የኋለኛው ደግሞ ከዚያ ኃይል ስንት አሥረኛው ላይ ብሎኑ ተለጥጦ ወደ ቦታው እንደማይመለስ ያሳያል፤ ለ8.8 ይህ 640 ኒውተን ነው። በማይዝገው ብረት ላይ የሚገኘው የተለመደ ምልክት ኤ2-70 ሲሆን፣ መበጠሻው 700፣ መለጠጫው ግን 450 ብቻ ነው። ይህን በሚዳሰስ ነገር እንግለጠው። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ኤ2-70 ከሆነ 1,680 ኪሎ ገደማ ሲጎትተው መለጠጥ ይጀምራል፤ 8.8 ከሆነ እስከ 2,390፣ 10.9 ከሆነ እስከ 3,360 ኪሎ ገደማ ይቋቋማል። ኤ2-50 የተባለው ለስላሳ ዓይነት ግን በ780 ኪሎ ገደማ ይለጠጣል። ሁሉም በመደርደሪያ ላይ ሲያበሩ አንድ ይመስላሉ።

የተለጠጠ ብሎን ወዲያው አይበጠስም። ይላላል፤ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ዳዶው መፈታት ይጀምራል፤ አሽከርካሪውም የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጎማ ዘንጎች፣ የፍሬን ብሎኖች፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት፣ መሪውንና የፊት ሹካውን የሚይዙት፣ የኋላ ሹካው የሚንቀሳቀስበት ዘንግ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርሳም መዘውር የሚያስሩት ብሎኖች በሱቅ በሚገኝ የማይዝግ ብረት አይለወጡም። እነዚህ ሲዝጉ የሚተኩት በፋብሪካው መለዋወጫ፣ ወይም በራሳቸው ላይ የነበረውን ቁጥር ያህል ጽናት ባለው አዲስ ዚንክ ልባስ ብሎን ነው። በታምቡር ፍሬን ላይ በተለይ አንድ ብሎን እንድትመለከቱ አደራ እንላለን፤ የኋላውን የፍሬን ሰሌዳ ከጎማው ጋር እንዳይዞር የሚይዘውን ረጅም ዘንግ የሚያስረው ነው። እርሱ ቢበጠስ ሰሌዳው ከጎማው ጋር ይዞራል፤ የፍሬኑን ዘንግም ይጠመዝዘዋል። ዳዶው ላይ ያለው ስንጥቅ ሽቦም (ኮፒሊያ) በተፈታ ቁጥር በአዲስ ይተካ፤ በምስማር የተተካበትን ሞተር ብስክሌት ለጉዞ ማሰማራት ተገቢ አይደለም። በነገራችን ላይ ይኸው ሕግ ለቤተ ክርስቲያን ደወል ማንጠልጠያ ብሎንም ይሠራል፤ ከባድ ነገር ለሚሸከም ብሎን የሚጠየቀው በመጀመሪያ ጽናቱ ነው።

ታዲያ የማይዝገው ብረት የሚጠቅመው የት ነው? ጭነት በሌለበትና እጅ በሚበዛበት ቦታ ነው። የጭቃ መከላከያ፣ የጎን ሽፋን፣ የሰንሰለት መሸፈኛ፣ የታርጋና የመብራት ማሰሪያ፣ ከሁሉም በላይ በሞተሩ ግራና ቀኝ ያሉት የአሉሚኒየም ክዳኖች ቪቴዎች ናቸው። በአሮጌዎቹ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ላይ እነዚህ ቪቴዎች ባለ መስቀል ራስ ናቸው፤ ጉድጓዳቸው ግን በጃፓን ደረጃ የተሠራ ስለሆነ ተራው ካቻቢቴ አይገጥመውም፤ እየተንሸራተተ ራሱን ይፍቀዋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዝገቱ ሳይሆን የካቻቢቴው ነው። በእነርሱ ፈንታ ባለ ስድስት ማዕዘን ጎድጓዳ ራስ የማይዝግ ብሎን ሲገባ የሚቀጥለው ጥገና በእጅጉ ይቀላል።

ከመፍታት በፊት በዋዜማው ዘልቆ የሚገባ ዘይት ይደረግበት፤ በማግስቱ ራሱን በመዶሻ ቀለል አድርጎ መምታትና በመጀመሪያ ጥቂት ማጥበቅ፣ ከዚያም መፍታት ይሻላል። የክዳን ቪቴዎች ርዝመታቸው የተለያየ ነው። የክዳኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስሎ እያንዳንዱን በነበረበት ቦታ መሰካት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ፣ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ቢገባ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ሊነቅል ይችላል።

ሲገዛ ውፍረቱ ብቻ አይበቃም። በጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ 1.25 ሚሊ ሜትር ተራርቆ የተቆረጠ ነው፤ በሱቅ በብዛት የሚገኘው ግን 1.5 ነው። ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ከጠነከረ ይውጣ፤ በመፍቻ የሚገፋው መካኒክ ጥርሱን ያጠፋዋል። የራሱም መጠን ይለያል፤ ለባለ 8 ሚሊ ሜትሩ የጃፓኑ መፍቻ 12 ሲሆን የሱቁ ብሎን በብዛት 13 ይፈልጋል። በመንገድ ላይ ያለ አሽከርካሪ በመቀመጫው ሥር የያዘው መፍቻ የማይፈታውን ብሎን ማስገባት አገልግሎት አይደለም። ስለዚህ ገዢው ናሙናውን ይዞ ይሂድ፤ በራሱ ላይ የጽናት ምልክት የሌለውን አይቀበል፤ ማግኔትም በኪሱ ይያዝ። ኤ2 የሆነው ብሎን ማግኔት ቢስበው እንኳ በጥቂቱ ነው፤ አጥብቆ የሚስበው ግን በክሮም የተለበጠ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል።

የማይዝግ ብረት ሁለት ክፉ ጠባያት አሉት። የመጀመሪያው፣ የማይዝግ ብሎን በማይዝግ ዳዶ ላይ በፍጥነት ሲጠብቅ ጥርሶቹ ተፋጭተው ይጣበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ መጋዝ እንጂ መፍቻ አያላቅቀውም። ቀስ ብሎ በእጅ ማዞርና ቅባት መቀባት ይከላከለዋል። ሁለተኛው፣ ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ሲያገናኘው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ነጩ ዱቄት በጥርሱ መካከል ይሞላና ብሎኑን ይቆልፋል። በዚህም ምክንያት ያለ ቅባት የገባ የማይዝግ ብሎን ከዛገው አሮጌ ብሎን ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል። ብሎን እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ልዩ ቅባት ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ተራ ግራሶም ቢሆን በየዓመቱ ከክረምት በፊት እየተፈታ ቢታደስ ይበቃል።

ስለ ማጥበቅ፣ የተለየ መጠን ላልተጻፈላቸው ብሎኖች የያማሃ የጥገና መጻሕፍት ለባለ 6 ሚሊ ሜትር 6፣ ለባለ 8 ሚሊ ሜትር 15፣ ለባለ 10 ሚሊ ሜትር 30 ኒውተን ሜትር ይላሉ። ባለ መለኪያ መፍቻ ለሌለው አጥቢያ እንዲህ ይታሰብ፤ 6 ኒውተን ሜትር ማለት 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 6 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ የእጅ አንጓ ኃይል ይበቃዋል። ይህ መጠን ለደረቅ ጥርስ ስለሆነ ቅባት ሲኖር ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። የክዳን ብሎኖችም ትይዩ ትይዩውን እየተፈራረቁ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠበቁ።

የወጡት አሮጌ ብሎኖች ሁሉም አይጣሉ፤ ከየመጠኑ አንድ ጤነኛ ተመርጦ ርዝመቱና የጥርሱ ርቀት በወረቀት ተጽፎበት በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ግዢ ናሙና ይሆናል። የተለወጡት ቦታዎችና ቀኑ በተሽከርካሪው መዝገብ ላይ ይመዝገቡ። ከሥራው በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተነዳ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አዲሶቹ ብሎኖች አንድ በአንድ በመፍቻ ይፈተሹ፤ አሽከርካሪውና መካኒኩም በመዝገቡ ላይ ይፈርሙ።