ትምህርት አሥራ አንድ፦ ዝግ ያለ ፊልም እንዴት ይመዘናል?

ሀ. መግቢያ

ሂስ ነቀፋ ብቻ አይደለም፤ የአንድን ሥራ ጥንካሬና ድክመት በማስረጃ ለይቶ ማሳየት ነው። የሽልማት ወቅት ሲደርስ «ተሸልሟልና ድንቅ ነው»፣ «ሩጫና ድብድብ የለበትምና አሰልቺ ነው» የሚሉ አስተያየቶች ይበዛሉ። ሁለቱም ፍርድ ናቸው፤ ማስረጃ ግን የላቸውም። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ይህን እያሰባችሁ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

«ላምብ» በሚል የእንግሊዝኛ ርእስ የታወቀው የያሬድ ዘለቀ ፊልም በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ፌስቲቫል ቀረበ። በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። በ2008 ዓ.ም. ለተካሄደው 88ኛው የኦስካር ሽልማትም አገሩን ወክሎ ተልኮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእጩዎቹ መካከል አልገባም።

ታሪኩ ውስብስብ አይደለም። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ ቹኒ ከሚባለው በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አጎቱም ቹኒ ለበዓል መታረድ እንዳለበት ያስታውቃል። ልጁ ግን ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ላይ በመሸጥ ወደ አገሩ መመለሻ የሚሆን ገንዘብ ያጠራቅማል።

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖሩ ተማሪዎች በበዓል ዋዜማ ወደ ገበያ የሚነዱ በጎችን ሳታዩ አልቀራችሁም። ለአላፊ አግዳሚው በግ ሥጋና ዋጋ ነው፤ ለኤፍሬም ግን ከተለየው ቤቱ የተረፈለት ጓደኛ ነው። ካሜራው ቢቸኩል ኖሮ ይህ ልዩነት ባልታየ ነበር። ልጁ ወጥ ሲሠራ እጆቹን ረጋ ብለን ስናይም የእናቱን ሙያ እናያለን፤ አጎቱ ይህን «የሴት ሥራ» ብሎ መናቁ ለምን እንደሚጎዳው ያን ጊዜ ይገባናል።

ዝግታ ሁሉ ግን ጥበብ አይደለም። የረዘመ ትዕይንት አዲስ ስሜት ወይም አዲስ ዕውቀት ካልጨመረ ድክመት ነው። ስለዚህ ሐያሲ «ፊልሙ ዝግ ያለ ነውን?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ዝግታው ምን ሠራ?» ብሎም ይጠይቃል። የዚህን መልስ ከፊልሙ እንጂ ከሽልማቱ ዝርዝር አያገኘውም።

ሐ. ማስታወሻ

«ይሁን እንጂ» ተቃራኒ ሐሳቦችን፣ «ስለዚህ» ምክንያትንና ውጤትን ያያይዛሉ። በሂስ ጽሑፍ ውስጥ ፍርድን ከማስረጃ ጋር ለማገናኘት ያገለግላሉ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ሁለት ፍርዶችንና ማስረጃዎቻቸውን ለይታችሁ ጻፉ።
2. «ፊልሙ አሰልቺ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ምክንያቱም» በሚለው ቃል አስፋፉት።
3. ብዙዎች ያልወደዱትን፣ እናንተ ግን የወደዳችሁትን አንድ ፊልም ወይም ድራማ መርጣችሁ በሁለት አንቀጽ መዝኑ። ታሪኩን ከአራት ዓረፍተ ነገር በላይ አትተርኩ፤ ድክመቱንም አትደብቁ።