የወገብ ሕመም ሁሉ ኩላሊት አይደለም

በእንጅባራና በዳንግላ ወገቡን የቆየ ሕመም የያዘው ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ብርድ ነው» ወይም «ኩላሊቴ ነው» ይላል። ብርድ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም ግን የሚነሳው ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከአከርካሪ ነው። ጎንበስ ብሎ ድንች መኮትኮት፣ ውኃና እንጨት መሸከም ያባብሱታል።

የኩላሊት ሕመም በአብዛኛው ከጎድን አጥንት በታች፣ በጎን በኩል ይሰማል፤ ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ሊኖረው ይችላል።

ልዩነቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? «ኩላሊቴ ነው» ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፊን ለወራት የሚውጥ ሰው ጤነኛውን ኩላሊት ሊጎዳ፣ ጨጓራውንም ሊያቆስል ስለሚችል ነው። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

ስለዚህ ወደ መድኃኒት ቤት ሲመጡ የመድኃኒቱን ስም ከመጥራትዎ በፊት የት እንደሚያምዎት፣ መቼ እንደጀመረዎትና ምን ሲወስዱ እንደቆዩ ይንገሩን። ተኝቶ ከመዋል እንደ አቅም መንቀሳቀስ ይሻላል፤ ሸክምም በርከክ ብለው ያንሱ። እግርዎ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም ሌሊት እያላበዎት ከከሱ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ከዱዓችን ጋር ሰበቡንም እናድርስ።