የባሪያ ንግድ ታሪክና የብሩክስ መርከብ ሥዕል

ሥዕል ለማያነብ ሰው መጽሐፍ ነው። የታየ ነገር ከተሰማው ይልቅ በልብ ይጸናልና፥ ስለ ባሪያ ንግድ በሚሰጠው ትምህርት ሥዕል የሠራውን ሥራ ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሕፈት ያለው ዘመን፥ ስለ ኢትዮጵያ ከሚናገረው ክፍል በቀር፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ስለ ንግዱ።

ከ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ 1866 ድረስ መርከቦች ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ አፍሪቃውያንን ጭነው ወደ አሜሪካ ተነሡ። ከእነዚህም 1 ሚሊዮን ከ800 ሺህ የሚያህሉት የብስ ሳይረግጡ በባሕር ላይ ሞቱ። ነጋድያኑ ከኤውሮፓ ጨርቅ፥ ጠመንጃ፥ ናስና አረቄ ይዘው ወደ ምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ይወርዳሉ፤ በዚያም ከአገሩ ሹማምንትና ነጋዴዎች ጋራ በሰው ይለውጣሉ፤ ሰውንም በአሜሪካ ሸጠው ስኳር፥ ትምባሆና ጥጥ ጭነው ይመለሳሉ። እንዲህም የሰው ሕይወት የስኳር ዋጋ ሆነ።

2ኛ፤ ስለ መርከቢቱ ሥዕል።

ከእነዚህ መርከቦች አንዲቱ በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ወደብ የነበረችው ብሩክስ ናት። በ1788 የወጣው ሕግ 454 ሰዎች ብቻ እንድትጭን ፈቀደላት፤ ከዚያ በፊት ግን 609 ሰዎች ጭና ነበር። በዚያው ዓመት የንግዱ ተቃዋሚዎች በፕሊመዝ ከተማ የመርከቢቱን ውስጥ በሥዕል አሳትመው አወጡ፤ በ1789ም በሎንዶን አስፍተው አተሙት። ሰዎቹ ጎን ለጎን እንደ ተደረደረ ዕንጨት ተጋድመው ይታያሉ። ለአንድ ወንድ የተሰጠው ስፍራ ርዝመቱ 183፥ ወርዱ 41 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዱ ሁለት ስንዝር አይሞላም። ሠዓሊው ደም አልሣለም፥ ጅራፍም አልጨመረም፤ በልክ የተሠመረው መስመር ብቻ ምስክር ሆኖ በቃ። ዊልበርፎርስ የተባለው እንደራሴ ከዕንጨት የተሠራ ምሳሌዋን በምክር ቤት አሳየ። የእንግሊዝ መንግሥት ንግዱን በ1807 ከለከለ፤ ባሮቹን ነጻ የሚያወጣው ሕግ ግን እስከ 1833 ዘገየ።

3ኛ፤ ስለ ሥዕሉ ጉድለት።

ሥዕሉ ብዙ ቢረዳም ጉድለት አለው። በእርሱ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፤ ስም የላቸውም፤ ዝም ብለው ተኝተዋል። በ1787 ከዌጅውድ የሸክላ ሥራ ቤት የወጣው ትንሽ ምስልም በሰንሰለት የታሰረውን ሰው ተንበርክኮ ሲለምን ያሳያል። በእውነት ግን ብዙዎች በመርከብ ላይ ተነሥተው ተዋግተዋል፤ የሃይቲም ባሮች በ1791 ተነሥተው በ1804 የራሳቸውን መንግሥት አቁመዋል።

ስለዚህ ከዚህ ሥዕል ጋራ የኦላውዳ ኢኳያኖን ሥዕል ማስተያየት ይገባል። ይህ ሰው ባሪያ ሆኖ ከኖረ በኋላ በ1766 ነጻነቱን በገዛ ገንዘቡ ገዛ። በ1789 ያሳተመው የሕይወቱ ታሪክ በመጀመሪያው ገጽ፥ መልካም ልብስ ለብሶ፥ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያትን ሥራ ገልጦ፥ አንባቢውን ፊት ለፊት ሲመለከት ያሳየዋል። ያ ሥዕል የተበደሉትን ብዛት ይናገራል፤ ይህ ግን የተበደለው ማን እንደ ሆነ ይናገራል።

4ኛ፤ ስለ አስተማሪው።

ይህን የሚያስተምር መምህር በደሉ የባዕድ ብቻ እንደ ነበረ አድርጎ አይናገር። በኢትዮጵያም ሰው እየተፈነገለ ይሸጥ፥ በቀይ ባሕርም ወደ ዐረብ አገር ይሻገር ነበር። በ1916 ዓ.ም. ባሮችን ነጻ ለማውጣት አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። ሕግ ሰንሰለትን ይፈታል፤ ስድብን ግን የሚፈታው ትምህርት ነው። በአያቱ ስም የሚዋረድ ልጅ በትምህርት ቤት ቢገኝ፥ መምህሩና የአገሩ ሽማግሌዎች ተሳዳቢውን ይገሥጹ፤ ያንንም ልጅ ያክብሩት።

መምህሩ በደጅ በመሬት ላይ የዚያን ስፍራ ልክ ያሥምር፤ ተማሪዎቹም በዝምታ ይመልከቱት። እንዲጋደሙበት ግን አያድርግ፤ የሰው መከራ ጨዋታ አይደለምና።

ጥያቄ።

1. ብሩክስ በሕግ ከተፈቀደላት በላይ ስንት ሰው ጭና ነበር?
2. ሠዓሊው ደምና ጅራፍ ሳይሥል በደሉን እንዴት አስረዳ?
3. የኢኳያኖ ሥዕል ከመርከቢቱ ሥዕል በምን ይለያል?