ስድስት ጓደኛና አንድ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የምትኖር ጂን ኒዴች የተባለች የቤት እመቤት ሱፐርማርኬት ውስጥ ከአንዲት የምታውቃት ሴት ጋር ተገናኘች። ሴትዮዋ እንዴት እንዳማረባት ነገረቻትና፣ አስከትላ የምትወልደው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ጂን እርጉዝ አልነበረችም። 97 ኪሎ ነበረች።

ባሏ የአውቶብስ ሾፌር፣ ልጆቿ ሁለት፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ። ኪኒኑንም ሌላ ሌላውንም ሞክራ ትታዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ የኒውዮርክ ከተማ ጤና ቢሮ ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሰዎች ወደከፈተው ክሊኒክ ሄደች። ዶ/ር ኖርማን ጆሊፍ ያዘጋጁት የአመጋገብ ዝርዝር ተሰጣት፦ በሳምንት አምስት ጊዜ ዓሣ፣ በሳምንት አንዴ ጉበት፣ በቀን ሁለት ቁራጭ ዳቦና ሁለት ብርጭቆ ቅባቱ የወጣለት ወተት፤ መጠጥና ጣፋጭ ክልክል። (ጉበቱ ለብዙ አሜሪካውያን ቅጣት ነበር። ዱለት ወዳዶች ግን "ምነው በየቀኑ በሆነ" ሳትሉ አትቀሩም።)

በአሥር ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ቀነሰች። ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ደብቃለች። ቤቷ፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የቆሸሸ ልብስ ማጠራቀሚያው ውስጥ ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ነበራት። ሌሊት እየተነሳች ትበላዋለች። ለክሊኒኩ ሠራተኞች አልተናገረችም፤ ማን ይናገራል? ይልቅ እንደሷ የወፈሩ ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠራችና ስለ ብስኩቱ እነሱ ፊት አፈረጠችው። እነሱም የየራሳቸውን ጉድ አወጡ። በሳምንቱ ተመልሰው ተገናኙ፤ በሚቀጥለውም። እያንዳንዷ ሌላ ሰው ይዛ እየመጣች ሳሎኑ ሞልቶ ፈሰሰ። በጥቅምት 1962 ጂን 64 ኪሎ ገባች።

በ1963 አል እና ፌሊስ ሊፐርት ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ሆና ዌይት ዋቸርስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። ለመጀመሪያው ሕዝባዊ ስብሰባ ከአንድ ሲኒማ ቤት በላይ ያለ ክፍል ተከራይታ ሃምሳ ወንበር ደረደረች። የመጣው ሰው ወደ አራት መቶ ተጠጋ።

ልብ በሉ፤ የአመጋገብ ዝርዝሩ አዲስ አልነበረም። ከተማው ያደለው ወረቀት ነው። ከጂን በፊትም ስንቱ ተቀብሎ፣ አጣጥፎ፣ ቦርሳው ውስጥ ረስቶታል። ጂን የጨመረችበት የብስኩቱን ነገር የምታወራላቸው ስድስት ሰዎች ብቻ ነው። እኔም ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ክብደት መቀነስ ፈልጋችሁ አምስት ጊዜ ጀምራችሁ አምስት ጊዜ ካቆማችሁ፣ "እኔ ጽናት የለኝም" ብላችሁ ራሳችሁ ላይ አትፍረዱ። ያጣችሁት ጽናት ላይሆን ይችላል። ሰው ነው ያጣችሁት።

ዌይት ዋቸርስ ምግብን በነጥብ መቁጠር የጀመረው ግን ዘግይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1997 ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ምግብ ነጥብ ሰጠ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ካሎሪውና ቅባቱ ነጥቡን ከፍ ያደርግ፣ አሰሩ ዝቅ ያደርግ ነበር። አንድ ሰው እንደ ክብደቱ የቀን ነጥብ ይሰጠው ነበር፤ ለብዙ ሴቶች በሃያዎቹ ውስጥ ይወድቅ ነበር። በዚያች ጥሪት የፈለጋችሁትን መብላት ትችላላችሁ። ኬክም ይፈቀዳል፤ ዋጋውን መክፈል ነው። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ሒሳቡ አይመስለኝም። "ይህ ኃጢአት ነው፣ ያኛው ጽድቅ ነው" የሚለውን ክርክር ያስቀራል። ኬክ በልታችሁ ስትጨርሱ "በቃ፣ ዛሬ ተበላሽቷል፣ ነገ እጀምራለሁ" ብላችሁ ምሳና እራቱን አብራችሁ አታበላሹም። ሰባት ነጥብ ሄደ፤ አሥራ አምስት ቀረ፤ ቀኑ ይቀጥላል።

እስቲ ወደ ራሳችን ማድ ቤት ይዘነው እንግባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። በ1997ቱ ስሌት ወደ አራት ነጥብ ይጠጋል። አሁን የምስር ወጥ ስትሠሩ ዘይቱ በምን ይለካል? በዓይን ነው። ጀሪካኑ ዘንበል ይላል፣ "ቸብ" ይላል፣ ይቀናል። በዚያች ቅጽበት ስምንት የሾርባ ማንኪያ ቢወርድ ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ፣ ማለትም 240 ካሎሪ ይደርሰዋል፤ እንጀራው ገና ሳይቆጠር። ምስሩ ግን ምን በደለ? እንዲያውም ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በወጣው የድርጅቱ ሥርዓት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር እንደ ዕንቁላልና ዓሣ ዜሮ ነጥብ ሆነዋል።

ደስ የሚለው፣ መፍትሔውን እናቶቻችን አስቀድመው ያውቁታል። ሽንኩርቱ በደረቁ ይቁላላል። ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ እያማሰሉ፣ ቀለሙ እስኪለወጥና እስኪሟሟ፤ በርበሬውም ገብቶ በውሃ ይብሰል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ፣ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። ሁለት ማንኪያ ለአራት ሰው ቢሆን፣ ከዚያ ከአንድ ድስት ብቻ በነፍስ ወከፍ 180 ካሎሪ ቀነሳችሁ። ወጡ ግን ያው ወጥ ነው። ካላመናችሁ ለባላችሁ ሳትነግሩ አቅርቡለትና ፊቱን እዩ።

ስኳሩስ? አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም፣ 16 ካሎሪ ገደማ ነው። ብቻውን ሲታይ ምንም አይደለም። በየሻዩና በየማኪያቶው ሦስት ማንኪያ እያደረገ በቀን አምስቴ የሚጠጣ ሰው ግን 240 ካሎሪ ከስኳር ብቻ አገኘ። እዚህ ላይ ስፕሪስ ወዳጆችንም ላስቀይም ነው። ከ2010 ጀምሮ በነጥቡ ሥርዓት ፍራፍሬ በአብዛኛው ነፃ ሆኗል፤ ተፈጭቶ ሲጠጣ ግን ይቆጠራል። ማንጎውን ልጣችሁ፣ ነክሳችሁ፣ አገጫችሁ እስኪረጥብ ብትበሉት ትጠግባላችሁ። ሦስት ማንጎ ግን በአንድ ብርጭቆ ሳታውቁት ይወርዳል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። "ሁዳዴ ሲገባ እከሳለሁ" ብሎ ጾሙን የሚጠብቅ ብዙ ነው። ከዚያ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሱፍ ፍትፍት፤ ለፋሲካ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጨምሮ ያገኘዋል። ጾም ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ነው፤ ያንን ሥራውን ይሥራ፤ ሸንቃጣነት አናሸክመው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። እኛ ዘንድ ክብደት መቀነስ የሚከብደው በምግቡ ብቻ ሳይሆን በሰዉ ነው። አሜሪካዊቷ ስትከሳ "እንኳን ደስ ያለሽ" ትባላለች። የእኛዋ አምስት ኪሎ ስትቀንስ "ምነው? አመመሽ እንዴ?" ትባላለች። ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣች ልጅ ሸንቀጥ ብላ ከታየች አክስቷ ገና ኤርፖርት ላይ ማልቀስ ይቃጣታል። "ተመችቶሻል" የሚለው ቃል ደግሞ ሙገሳ ነው። ገበታ ላይ "ጠግቤያለሁ" ብትሉ ማን ይሰማችኋል? "በሞቴ!" ይመጣል። "አፈር ስሆን!" ይከተላል። ጉርሻው አፋችሁ ድረስ መጥቶ ተንጠልጥሏል፤ እጅ መመለስ ነውር ነው፤ አንዷ ጉርሻ ደግሞ ታጣላለች ተብሎ ሁለተኛው ይደገማል። ይሉኝታ ያልያዘው ማን አለ?

ይህንን ይሉኝታ ነው ለሥራ የማሰልፈው። እቁብ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ብቻውን ባንክ ሄዶ በየሳምንቱ ብር የማያስቀምጥ ሰው፣ የእቁብ ቀን ሲደርስ ተበድሮም ይከፍላል። ሰው ይጠብቀዋላ! ዳኛው ስሙን ይጠራዋል፤ ባይመጣ ይጠየቃል። ክብደትም ቀን ተቆርጦለት፣ ሰው ተሰብስቦለት፣ ስም ከተጠራበት ያው ኃይል ይሠራል። "ጓደኞቼ እሁድ ይጠብቁኛል" የሚል ሰው ቅዳሜ ማታ ሠርግ ቤት ሲያስጨንቁት መልስ አለው።

ይህ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም። በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በብሪታንያ 772 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ከሐኪማቸው የተለመደውን ምክር አገኙ፣ ግማሾቹ ወደ ዌይት ዋቸርስ ስብሰባ ተላኩ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 2.2 ኪሎ፣ ስብሰባ የሄዱት 5.1 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። (የጥናቱን ገንዘብ የሰጠው ራሱ ድርጅቱ ነው፤ ይህንንም አውቃችሁ አንብቡት።) በ2017 ደግሞ በዚያው መጽሔት በብሪታንያ 1,267 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ወጣ። ለ12 ሳምንት የተሰበሰቡት በዓመቱ በአማካይ 4.75 ኪሎ፣ ለ52 ሳምንት የተሰበሰቡት 6.76 ኪሎ ቀንሰው ነበር። አጭር ምክርና የራስ መርጃ መጽሐፍ ብቻ የተሰጣቸው 3.26 ላይ ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁሉም የተወሰነውን መልሰው ቢጨምሩም፣ ረጅም ጊዜ የቆዩት አሁንም ይበልጡ ነበር።

"ስድስት ኪሎ ብቻ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። በሁለት ሳምንት አሥር ኪሎ የሚል ማስታወቂያ ዓይናችንን አበላሽቶታል። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎችን ያዘና ሁለት ነገር ጠየቃቸው፤ ከክብደታችሁ 7 በመቶ ቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። በሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 በመቶ ማለት 5.6 ኪሎ ነው። 150 ደቂቃው ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ሊሞላው ይችላል። ስድስት ኪሎን አትናቁብኝ!

ዌይት ዋቸርስ ራሱ ብዙ አይቷል። በ1978 ሄንዝ ገዛው፤ በ2015 ኦፕራ ዊንፍሬይ አሥር በመቶውን ያዘች፤ በዚያው ዓመት ጂን በ91 ዓመቷ አረፈች። ከዚያ የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱት አዳዲስ መርፌዎች መጡና ገበያው ተናጋ፤ በ2025 ድርጅቱ ከዕዳው ለመውጣት የኪሳራ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደረሰ። ለእናንተ ይህ ክፉ ወሬ አይደለም። በመጀመሪያ የነበሩት ሳሎን ውስጥ የተቀመጡ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ለዚያ ደግሞ ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም።

ስለዚህ ከአራት እስከ ስምንት ሰው ፈልጉ፤ መሥሪያ ቤት፣ ሰፈር፣ ወይም በየአገሩ ተበትናችሁ ከሆነ በቴሌግራም። ቀኑ አንድ ይሁን፤ ሰዓቱም አይቀያየር። በአካል የምትገናኙ ከሆነ ሁላችሁም የምትመዘኑት በአንድ ሚዛን ይሁን፣ ቁጥሩም በሚስጥር ይያዝ፤ የሚነገረው ጨመረ ወይም ቀነሰ ብቻ ነው። የነጥብ ሰንጠረዥ ከከበዳችሁ ሦስት ነገር ብቻ ቁጠሩ፤ ዘይቱን በማንኪያ፣ ስኳሩን በማንኪያ፣ እንጀራውን በቁጥር። ቡናው ይፈላ፣ ግን በፈንድሻው ላይ ስኳር አትበትኑ። ሳምንቱ ያልተሳካለትን ሰው "እንዴት ነው?" በሉት እንጂ አትገሥጹት፤ የተገሠጸ ሰው በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ኖሮባችሁ መድኃኒት የምትወስዱ፣ የምታጠቡ ወይም እርጉዝ የሆናችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠንም ሊለወጥ ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ሚዛኑ የቆመ ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያው ሳምንት ቅናሽ ብዙው ውሃ ስለነበር አሁን እውነተኛው ፍጥነት ይመጣል፤ እሱም ቀርፋፋ ነው። ብዙ ሰው የሚቀረው ያኔ ነው፤ "ሥራ በዝቶብኝ" የሚለው መልእክት የሚላከውም ያኔ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሳችሁ ቀን በጽሑፍ አትመልሱ። ደውሉ፤ ካልተነሳ ላኪው ቤት ድረስ ሂዱና አብራችሁ በእግር ወደ ስብሰባው ኑ። ሚዛኑን ማን እንደሚገዛ ደግሞ ከዛሬ ተነጋገሩ፤ ተዋጥታችሁ ግዙት፤ የሁላችሁም ሲሆን ማንም ጥግ አስገብቶ አይረሳውም።