ለሁለት ላም የሚበቃ ሳይሌጅ፦ የክረምትን ልምላሜ ለበጋ ማቆየት

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከብት ገበያ የሚውል ነጋዴ ይህን ደጋግሞ ያያል። ጥሩ ወተት የነበራት የተዳቀለች ላም በገመድ ተስባ ትመጣለች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ባለቤቱ የሚጠራው ዋጋ በጥቅምት ከሚጠራው በብዙ ያነሰ ነው። ላሚቱ አልታመመችም፤ የጎደላት መኖ ነው። ጭዱ አልቋል፣ ድርቆሹ ተወዷል፣ ዝናቡ ገና ነው። ሰውየው ላሚቱን የሚሸጠው ጠልቷት ሳይሆን ማብላት አቅቶት ነው።

ለገዢው ነጋዴ ይህ የትርፍ ቀን ይመስላል። ነገር ግን የከሳች፣ በዚያ ላይ ያረገዘች ላም ረጅም መንገድ አትችልም። መኪና ላይ ትወድቃለች፣ ትጨነግፋለች፣ ወይም ኬላ ላይ ቀናት ስትቆም ይብስባታል። በሰላም ብትደርስ እንኳ የሚረከባት ቤተሰብ መኖ ከሌለው ወተቷ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ወቀሳውም ተመልሶ ወደ ሻጩ ይመጣል። ስለዚህ የወተት ላም የሚያገበያይ ሰው ስለ ላሚቱ የበጋ መኖ ማወቅ ሥራው ነው። ለአነስተኛ የቤተሰብ ወተት እርባታ ዋጋው ከሚቀል መንገድ አንዱ ሳይሌጅ ነው። የሚያተርፈው ግን መጠኑ ከላሞቹ ቁጥር ጋር ሲመጣጠን ብቻ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ መለየት አለበት። ሳይሌጅ ለሰፊው የአርብቶ አደር መንጋ መፍትሔ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉባቸው እንደ ቦረና ባሉ አካባቢዎች የተፈለገው ውኃ፣ ግጦሽና በጊዜ የሚደረግ ሽያጭ ነበር። ሳይሌጅ የሚስማማው ዝናብ ባለበት ወራት የሚቆረጥ ለምለም መኖ ላለውና ጥቂት ላሞችን ቤት አስሮ ለሚቀልብ ቤተሰብ ነው።

ሳይሌጅ ምንድን ነው?

ድርቆሽ የሚቆየው ስለደረቀ ነው። ሳይሌጅ ግን እርጥብ እንደሆነ የሚቆየው አየር ስለማያገኝና ስለሚኮመጥጥ ነው። የእንሰት ቆጮን አሠራር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፦ ተከትፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ታጭቆ፣ በቅጠል ታሽጎ ይብላላል። በሳይሌጅም አየር ሲጠፋ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በተክሉ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። እርጎን የሚያኮመጥጡትም የዚሁ ወገን ናቸው። የመኖው ፒኤች ወደ 4 ሲወርድ አበላሺ ተሕዋስያን መሥራት ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ አየር እስካልገባ ድረስ መኖው ወራትን አልፎ ይቆያል።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ አጭር ነው፤ ስኳር ያስፈልጋል፣ አየር አያስፈልግም። ሌላው ዝርዝር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫል።

ዋናው ስህተት፦ ከላሞቹ የሚበልጥ ጉድጓድ

ሳይሌጅ ሞክረው የተዉ ብዙ ቤተሰቦች የሚሰናከሉት አዘገጃጀቱ ላይ ሳይሆን ከተከፈተ በኋላ ነው። የተከፈተ ሳይሌጅ አየር ያገኛል፤ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ይህን ለመቅደም በየቀኑ ከፊቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት መነሳት አለበት፤ በሞቃት ቆላ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሁለት ላም ያለው ቤተሰብ እንውሰድ። አንዷ ላም ከድርቆሽና ከተጨማሪ መኖ ጋር በቀን 15 ኪሎ ሳይሌጅ ብትበላ ለሁለቱ 30 ኪሎ ነው። ለ120 የበጋ ቀናት 3,600 ኪሎ ይሆናል። በመብላላትና በብልሽት ከመቶ 15 ያህል ይጠፋል ብሎ ለሚያሰላ ሰው የሚታጨቀው እርጥብ መኖ ወደ 4,235 ኪሎ ይጠጋል።

ይህን የሚይዝ 2 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፈረ እንበል። በሰው እግር በደንብ የተረገጠ ሳይሌጅ በአንድ ሜትር ኩብ 500 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 30 ኪሎ ሲነሳ ከፊቱ የሚቀነሰው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሻጋታው ከላሞቹ ይቀድማል ማለት ነው። ስለዚህ ለሁለት ላም ሰፊ ጉድጓድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። የሚሻሉት አማራጮች የሚከተሉት ናቸው።

• ማዳበሪያ ከረጢት። ውስጡ ወፍራም ላስቲክ የገባበት፣ አንድ ኩንታል እህል የሚይዝ ከረጢት በደንብ ከታጨቀ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሳይሌጅ ይይዛል። ለሁለት ላም በሁለት ቀን ያልቃል፤ ለመሻገት ጊዜ አያገኝም። ጉድለቱ የከረጢቱ ብዛት ነው፤ ለ120 ቀን ከ70 በላይ ያስፈልጋል።

• በርሜል። ክዳኑ አየር የማያስገባ የ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ወደ 100 ኪሎ ይይዛል። ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ የኬሚካል ዕቃ የነበረ ግን ፈጽሞ አይወሰድም።

• የላስቲክ ቱቦ። በኬንያ ደጋማ አካባቢዎች ባሉ አነስተኛ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ሁለት አፍ ያለው ላስቲክ በ2.5 ሜትር ይቆረጥና አንዱ አፉ ታስሮ ይሞላል። ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይይዛል። በቀን 30 ኪሎ ሲነሳለት ፊቱ በ8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ለደጋ አየር ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። አይጥና ዶሮ ግን ጠላቶቹ ናቸው።

ጉድጓድ ትርጉም የሚኖረው ላሞቹ ወደ 6 ሲደርሱ ነው። በቀን 90 ኪሎ የሚነሳለት፣ 1.5 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብና ረጅም ጉድጓድ በቀን 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል።

ከምን ይሠራል?

በቆሎ ቀዳሚው ነው፤ በቂ ስኳር አለው። የሚታጨደው ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ወተት መርጨቱን ትቶ እንደ ሊጥ ሲሆን፣ ሳይደርቅ ነው። ነገር ግን በቆሎው የቤት እህል የሆነበት ቤተሰብ እህሉን ለላም እንዲያጭድ መምከር ከንቱ ነው። ርካሹ መንገድ ሌላ ነው፤ እሸቱ ተቆርጦ ገበያ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አረንጓዴ አገዳ ገና ስኳር አለው። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከተከተፈ ጥሩ ሳይሌጅ ይወጣዋል። እንደ ሜጫ ባሉ በቆሎ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ቆሞ የሚደርቀው አገዳ በጊዜ ቢሰበሰብ ከአንድ ማሳ ሁለት ገቢ ነው።

ዝሆኔ ሣርና ደሾ ሣርም ይሆናሉ። ስኳራቸው አነስተኛ፣ ውኃቸው ብዙ ስለሆነ ግን ሁለት እርምጃ ይጠይቃሉ። ዝሆኔ ሣር ቁመቱ 1 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ታጭዶ ግማሽ ቀን ይጠወልጋል። ከዚያ በ100 ኪሎ ሣር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሞላሰስ በውኃ ቀጥኖ ይረጭበታል። ሞላሰስ በማይገኝበት 5 ኪሎ ያህል የበቆሎ ዱቄት መጨመር ይቻላል።

ዝናብ አጥሮት ፍሬ ሳይዝ የቀረ በቆሎ ወይም ማሽላም ለሳይሌጅ ይሆናል፤ ከነጥንቃቄው። በድርቅ የተጎዳ በቆሎ በታችኛው አገዳው ናይትሬት ያከማቻል። ለጋ የማሽላ ቡቃያም መርዝ አለው። ድርቁን ዝናብ ከሰበረው ጥቂት ቀናት መጠበቅ፣ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማጨድና የተራበ ከብትን በእሱ ብቻ አለማጥገብ ያስፈልጋል። መብላላቱ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

አሠራሩ

1. መኖው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይከተፋል። ረጅም አገዳ አይታጨቅም፤ በመካከሉ አየር ይቀራል።

2. እርጥበቱ በእጅ ይፈተናል። ጭብጥ ሙሉ መኖ ለግማሽ ደቂቃ ጠበቅ ተደርጎ ይጨመቃል። ውኃ ከተንጠባጠበ ገና ማጠውለግ ይቀረዋል። እጅ ሲከፈት ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። ውኃ ሳይወጣው ተድቦልቡሎ ከቆየ ልክ ነው።

3. በስስ ንብርብር እየተጨመረ በየንብርብሩ ይረገጣል። ጉልበት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ የሚሰንፉበትም ይህ ነው። ጥግ ጥጉ በተለይ በደንብ ይረገጣል።

4. መሙላቱ በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን የሞላ ሰው ዛሬ የሞላውን ያበላሻል።

5. አፉ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ፣ በላስቲክ ገመድ ይታሰራል። ጥላ ባለበት፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ጉድጓድ ከሆነ በላስቲክ ተሸፍኖ አፈር ይጫንበታል፤ ዙሪያውም የዝናብ ውኃ እንዳይገባ ቦይ ይወጣለታል።

6. ከ21 ቀን በፊት አይከፈትም፤ 6 ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። የተበሳ ላስቲክ በታየበት ሰዓት ይለጠፋል።

በአፍንጫና በዓይን መለየት

ጥሩ ሳይሌጅ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ መልክ አለው፤ ሽታው ደስ የሚል ኮምጣጣ ነው። የቆሸሸ ቅቤ ወይም የበሰበሰ ሽታ ያለው፣ የሚያሟልጭ መኖ በጣም እርጥብ ሆኖ የታጨቀ ነው። ጥቁር ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት መኖ አየር ገብቶበት ሞቋል፤ ከብት ቢወደውም ፕሮቲኑ ተጎድቷል። ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሻጋታ የያዘው ክፍል ይጣላል።

የተጣለውን ሰብስቦ ለፍየልና ለበግ መስጠት ከባድ ስህተት ነው። በተበላሸ ሳይሌጅ የሚራባው ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ በጎችንና ፍየሎችን ያስጨነግፋል፤ አንጎላቸውንም መትቶ በአንድ አቅጣጫ እያዞረ ይገድላል። በደህናው ሳይሌጅም ቢሆን ወተቱ ሽታ እንዳይዝ ከማለቢያ በኋላ እንጂ በፊት አይሰጥም። የበቆሎ ሳይሌጅ ጉልበት እንጂ በቂ ፕሮቲን የለውም፤ የኑግ ፋጉሎ፣ አልፋልፋ ወይም ሌላ የጥራጥሬ መኖ ይከተለዋል።

ሒሳቡ

ሳይሌጅ ሲገዛም ሆነ ሲሸጥ በኪሎ ዋጋ መታለል ቀላል ነው፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ውኃ ነውና። የአንድ ኪሎ ድርቆሽን ደረቅ ይዘት ለማግኘት 3 ኪሎ ያህል ሳይሌጅ ያስፈልጋል። ለስሌት ያህል ብቻ የድርቆሽ ኪሎ 15 ብር ቢሆን የሳይሌጅ ኪሎ ከ5 ብር በላይ ሲሆን ድርቆሽ መግዛት ይቀላል። ሳይሌጅን በመኪና ሩቅ አገር መጫን የማያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ 10 ቶን የሚጭን መኪና ወደ 7 ቶን ውኃ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሁለቱ ላሞች እንመለስ። የመኖው ግምት፣ የከታፊውና የረጋጩ ጉልበት፣ ላስቲኩ ተደምሮ ወጪው 12,600 ብር ሆነ እንበል። 3,600 ኪሎው ላሞቹ ዘንድ ከደረሰ ኪሎው 3 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ከድርቆሽ ይሻላል። ከታጨቀው ግማሹ ከሻገተ ግን ለላሞቹ የሚደርሰው 2,100 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ኪሎው 6 ብር ይሆናል፤ ኪሳራ ነው። ሣሩም ላስቲኩም ያው ነው። ትርፍና ኪሳራውን የለየው ብልሽቱ ነው። ሰፊ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት የላሞቹን አፍ መቁጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

ላሚቱ ከመኪና ስትወርድ

ለድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ትልቁ አደጋ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ ነው። ሁለት ቀን ተጉዛ የወረደች ጊደር መጀመሪያ ውኃና ድርቆሽ ወይም ጭድ ታገኛለች። ሳይሌጅ የማታውቅ ከሆነ በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመርላታል። ርቧታል ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ፍሬ የበዛበት የበቆሎ ሳይሌጅ ቢሞላላት ሆዷ ይቃወሳል፤ መብላት ታቆማለች፣ ትቀዝናለች። በሌላ በኩል ሳይሌጅ የለመደች ላም የምትሸጥ ከሆነ የአንድ ሳምንት መኖዋን በከረጢት አብሮ መስጠት ለገዢው ትልቅ ዋስትና ነው። ድንበር የሚሻገር ከሆነ ግን መኖ ማሻገር መፈቀዱ አስቀድሞ ከኬላው ይጠየቃል።

ስለዚህ የወተት ላም ከመግዛት ወይም ከመሸጥ በፊት አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ አሁን ምን እየበላች ነው? የምትሄድበት ቤት ለበጋው ምን ያህል መኖ አስቀምጧል? የተቀመጠው ሳይሌጅ ከሆነ ተከፍቶ ታይቷል፣ ተሽትቷል? በየቀኑ የሚነሳው ለላሞቹ ቁጥር ይመጥናል? እነዚህን የሚጠይቅ ነጋዴ አንዳንድ ርካሽ ላም ያመልጠው ይሆናል። የሸጣት ላም ግን በሰኔም እየታለበች ያገኛታል፤ ገዢውም የሚቀጥለውን ጊደር ከእሱ ይጠይቃል።