«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ከምንሰማቸው ወሬዎች አንዱ «እገሌ እኮ ጃጅተዋል» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ሌላ ጥያቄ አይከተልም፤ ዕድሜ ያመጣውን ማን ይመልሰዋል ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ሕመሞች ተደባልቀው እንደሚገኙ፣ ከነዚህም ሁለቱ ብዙ ጊዜ ሊድኑ የሚችሉ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እርጅና በራሱ በሽታ አለመሆኑን እንወቅ። ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ ይዘገያል እንጂ አይፈርስም። አንድ ሽማግሌ የሰው ስም ጠፍቶባቸው ቆይቶ ቢመጣላቸው የተለመደ ነው። አርባ ዓመት የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ መንገድ ከጠፋባቸው ግን ይህ ሕመም ነው።

1ኛ፤ የመርሳት በሽታ። ይህ ቀስ በቀስ፣ በወራትና በዓመታት የሚገፋ ነው። ከዓይነቶቹ ዋናውን በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ የገለጸው ጀርመናዊው አሎይስ አልዛይመር ሲሆን፣ ታማሚዋ ሆስፒታል ስትገባ ዕድሜዋ ገና 51 ዓመት ነበር። ሌላው ዓይነት የአንጎል የደም ሥሮች በመጎዳታቸው የሚመጣ ነው። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዚህ በሽታ የተያዘው ሕዝብ 57 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚኖረው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ሆኖም የደም ግፊትን በጊዜ መቆጣጠርና የደከመ ጆሮን መርዳት ለበሽታው የመጋለጥን ዕድል ይቀንሳሉ።

2ኛ፤ ድባቴ። በሽማግሌዎች ላይ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በለቅሶ አይገለጥም። ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አልበላ አለኝ በሚል አቤቱታ ይሸፈናል። ታማሚው ሐሳባቸውን መሰብሰብ ስለሚያቅታቸው የሚረሱ ይመስላሉ። ሲጠየቁ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው ይተዉታል፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ግን ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን በሌላ ወሬ ሊሸፍኑት ይሞክራሉ። ድባቴ በመድኃኒትና በምክር ሊድን ይችላል፤ ችላ ከተባለ ግን ራስን እስከ ማጥፋት ያደርሳል።

3ኛ፤ ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ። ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ይቃዣሉ፤ የሌለ ነገር ያያሉ፤ ጧት ይሻላቸውና ማታ ይብስባቸዋል። አንዳንዶች ይህን የመንፈስ ሥራ ያደርጉታል። ምክንያቱ ግን ዘወትር የሚገኘው በሰውነት ውስጥ ነው፦ የሳምባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የውኃ ጥማት፣ ወይም የማይስማማ መድኃኒት። ይህ የማይዘገይበት ነገር ነው፤ ምክንያቱ ቶሎ ከታከመ አእምሮ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ከዘገየ ሕይወት ያሳጣል።

መለየቱ የቃላት ክርክር አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በቺቸስተር ከተማ፣ በግሬሊንግዌል ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ማርቲን ሮት በ1955 ባወጡት ጥናት አረጋውያን ታማሚዎችን በየሕመማቸው ከፍለው ፍጻሜያቸውን እስከ ሁለት ዓመት ተከታተሉ። በመጃጀት በሽታ የገቡት አብዛኞቹ ሲሞቱ፣ በድባቴና በመሰል ሕመም ከገቡት አብዛኞቹ ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሁሉም ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ፤ ዕጣቸውን የለየው የዕድሜያቸው ቁጥር ሳይሆን የሕመማቸው ዓይነት ነው።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚሰጥ ነበር። ዛሬ በሌሎችም ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 የጀመረው፣ ልዩ ሐኪም ያልሆኑትን የጤና ሠራተኞች የሚያሠለጥነው መርሐ ግብር በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። ጠበልም ቢሆን የሐኪም ቤቱን መንገድ አይዘጋም፤ ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል፤ የተጀመረን መድኃኒት ማቋረጥ ግን አደጋ አለው።

እኛስ ምን እናድርግ? ሐኪሞች እንሁን ማለት አይደለም። ወደ ቤት ስንሄድ አራት ነገሮችን ጠይቀን በወረቀት እንጻፍ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከጧት እስከ ማታ ይለዋወጣልን? ምግብና እንቅልፍ እንዴት ነው? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ይህን ወረቀት ይዘን አረጋዊውን ወደ ጤና ጣቢያ ብንወስድ ለመርማሪው ትልቅ እርዳታ ነው። ሌሊቱን ተቀምጣ የምታስታምመውን እኅታችንን ወይም እናታችንንም አንርሳ፤ አንድ ሌሊት እንኳ ብንተካት ሕክምና ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። «ጃጅተዋል» የሚለውም ቃል አንዱ መደበቂያ ነውና፣ ሳንጠይቅና ሳናስመረምር አንናገረው።