የተመላላሽ ሞግዚት ዕረፍትና የበዓል ክፍያ፦ ሕጉ ምን ይላል? እኛስ ምን እናድርግ?

1. መግቢያ

በከተሞቻችን ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ውለው የሚገቡት ቤት ውስጥ ልጁን የያዘ ሰው ስላለ ነው። ሰቆጣም ሆነ አምደወርቅ፣ መምህሯ ክፍል ገብታ የምታስተምረው፣ ነርሷ ተረኛ ሆና የምታድረው፣ ነጋዴዋ ሱቋን የምትከፍተው ሞግዚቷ በሰዓቷ ስለደረሰች ነው። ይሁን እንጂ የሥራ ሕግ ስንማር ምሳሌዎቻችን ሁሉ ስለ ፋብሪካና ስለ ድርጅት ናቸው። ስለዚህች ሴት እምብዛም አይነሳም። ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሳል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ወይም በየቀኑ ለግማሽ ቀን እየተመላለሰች ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍትና የበዓል ክፍያ ይገባታል ወይ?

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። “አዳሪ” የምንላት እዚያው ቤት ተኝታ፣ እዚያው በልታ የምትሠራዋን ነው። “ተመላላሽ” ደግሞ ሠርታ ወደ ራሷ ቤት የምትሄደዋ ናት። በአካባቢያችን ሦስተኛ ዓይነትም አለች፤ ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት መጥታ ሰው ቤት ተጠግታ ግማሽ ቀን ልጅ የምትይዝ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ። ክፍያዋ ምግብና ደብተር ብቻ ሲሆን ጭራሽ “ሠራተኛ” ተብላም አትጠራም።

2. ሕጉ ምን ይላል?

ከላይ እንጀምር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብ፣ ዕረፍት፣ በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድና የሕዝብ በዓላት ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። “ከቤት ሠራተኛ በቀር” የሚል ነገር የለበትም።

ወደ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስንወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዋጁ በአንቀጽ 3 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ ያደርጋል። ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምትጠብቅ ሞግዚት የምትወድቀው እዚህ ላይ ነው። የዚህን ዓይነት ሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ይኸው አንቀጽ ያዛል። ይህ ቃል አዲስ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ነበረ፤ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ተደገመ፤ በ2011ም ደንቡ ሳይወጣ እንደገና ተጻፈ። አንድ ትውልድ በዚህ መሀል አድጎ ራሱ ሞግዚት ቀጣሪ ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ ባዶ ሜዳ ነው? አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ስለ ቤት ሠራተኛ ይናገራል፤ ከአሠሪው ጋር ለምትኖር ሠራተኛ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ሞራሏን በሚጠብቅ መንገድ እንዲወሰን ያዛል። መልካም ነው፤ ግን የተጻፈው አዳሪዋን በማሰብ ነው። ተመላላሿ በዋናነት የሚቀራት የተዋዋለችው ውል ነው። ውሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደላላ ፊት በቃል የተነገረ የወር ደመወዝ ብቻ ነው፤ ስለ ዕረፍት አንድ ቃል የለበትም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ልንለው የሚገባ ልዩነት አለ። ያቺው ሴት ያንኑ ሥራ በግል የሕፃናት ማቆያ ተቀጥራ ብትሠራው ድርጅቱ ለትርፍ ስለሚሠራ አዋጁ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናታል። ሕፃኑም ሥራውም አንድ ዓይነት ነው፤ የተለወጠው በሩ ብቻ ነው።

3. ክረምት፣ በዓልና ሻደይ

በተግባር የሚያጣላው ምንድን ነው? አንደኛው ክረምት ነው። ትምህርት ሲዘጋ ቀጣሪዋ ወደ ቤተሰቧ ወይም ወደ ክረምት ትምህርት ትሄድና ሞግዚቷን “መስከረም ላይ ነይ” ትላታለች። ሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ የለም። ቀጣሪዋ “ዕረፍት ሰጠኋት” ብላ ታስባለች፤ ሞግዚቷ ግን ያለ ገቢ ቀርታለች። ዕረፍት የሚባለው ክፍያ ያለው ነው፤ ክፍያ የሌለው ሥራ ማጣት ነው።

ሁለተኛው በዓል ነው። በገናና በፋሲካ እንግዳ ስለሚበዛ ሞግዚቷ ይበልጥ የምትፈለገው ያን ቀን ነው። አዋጁ በሚሸፍናቸው ዘንድ በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል፤ በወር ደመወዝ የሚሠራም ቀኑ በዓል በመሆኑ ብቻ ደመወዙ አይቆረጥም። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው የበዓል ክፍያ ግን በውል የሚወሰን ነው። ስለዚህ “በቀን ነው ወይስ በወር?” የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ብዙ ነገር ይወስናል።

ሦስተኛው ሻደይ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች የሚጨፍሩበት ይህ በዓል በሀገር አቀፍ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ የለም። ሆኖም ለአንዲት የዋግ ልጅ ከየትኛውም በዓል አይተናነስም። ሻደይን በሰው ቤት ሆና በመስኮት የምታይ ልጅ ምን እንደሚሰማት ለዋግ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሕጉ ዝም ስላለ ይህን ቀን ማስከበር የሚቻለው በስምምነት ብቻ ነው።

4. ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

አንዳንዶች “በሳምንት ሦስት ቀን ለምትሠራ ሰው ዕረፍት እንዴት ይቆጠራል?” ይላሉ። ይቆጠራል። አዋጁ በቀጥታ ባይገዛትም እንደ መለኪያ ልንጠቀምበት እንችላለን። አንቀጽ 77 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ለዚሁ ጉዳይ 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይቆጠራል።

ለምሳሌ ያህል፣ በሳምንት 3 ቀን የምትሠራ ሞግዚት በዓመት 156 ቀን ትሠራለች። 156 ለ26 ሲካፈል 6 ወር ይሆናል። የ6 ወር ድርሻ የ16 ግማሽ ነው፤ ማለትም 8 ቀን። ደመወዟ በወር 1,300 ብር ቢሆን በወር በአማካይ 13 ቀን ስለምትሠራ የቀኑ 100 ብር ይመጣል። የዓመት ዕረፍቷ ዋጋ 800 ብር ነው። ቀጣሪን የሚያደኸይ ገንዘብ አይደለም፤ ለእሷ ግን ክረምቱን የምትሻገርበት ነው።

5. የሌሎች አገሮች ልምድ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ባወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኞች በሥራ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በዓመት ፈቃድ ከሌሎች ሠራተኞች እኩል እንዲታዩ ይጠይቃል። አልፎ አልፎ ብቻ የምታግዝን ሰው ትቶ በሥራው የምትተዳደረዋን፣ ተመላላሽም ብትሆን፣ ያካትታል። በደቡብ አፍሪካ ለየ17 የሥራ ቀኑ አንድ ቀን ዕረፍት ይታሰባል፤ የእኛዋ የ156 ቀን ሞግዚት እዚያ ብትሆን 9 ቀን ታገኝ ነበር። በእንግሊዝ የዓመት ዕረፍት 5.6 ሳምንት ስለሆነ በሳምንት 3 ቀን የምትሠራ 16.8 ቀን ይደርሳታል።

ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ይኸውና። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት 30 ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢሆንም እህቶቻችን በሰው አገር በወረቀት ላይ ያላቸው መብት በገዛ አገራቸው ሕግ ሳይጻፍ መቆየቱ ሊያሳስበን ይገባል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ሕገ መንግሥቱ መብቱን ይሰጣል፤ አዋጁ ለደንብ ይተወዋል፤ ሸክሙ በመጨረሻ በውል ላይ ይወድቃል። ዋናው መፍትሔ ደንቡ ነው። እስከዚያው ግን ከመካከላችን ነገ ሞግዚት የሚቀጥር ሁሉ፣ ዛሬም እናቱን ወይም እህቱን ማማከር የሚችል ሁሉ፣ በአንዲት ገጽ ወረቀት አምስት ነገር ቢያጽፍ በቂ ነው፤ የሥራ ቀንና ሰዓት፣ የወር ደመወዝ፣ በዓመት ስንት ቀን ዕረፍት ከክፍያ ጋር፣ በበዓል ስትሠራ እጥፍ ክፍያ፣ ክረምት ላይ ቤቱ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ። ሻደይንም በስሙ ይጥቀሱት። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ አዋጁ ለወጣት ሠራተኞች ያስቀመጠውን ይከተሉ፤ በቀን ከ7 ሰዓት አይለፍ፣ በሌሊትና በሕዝብ በዓል አትሥራ። ከ15 ዓመት በታች ያለችውን አይቅጠሩ።

ወረቀቱን ሁለቱም ፈርመው፣ እማኝ ቆሞ፣ አንዱ ቅጂ በሞግዚቷ እጅ ይሁን። ማንበብ የማትችል ከሆነ ይነበብላት፤ አማርኛው ከከበዳት በኽምጣና ይነገራት። ልጃችንን ያህል ነገር አምነን የሰጠናትን ሰው ስምንት ቀን ዕረፍት መንፈግ ከሕግም ከወግም የራቀ ነው።